የሙስበሃ አያያዝ፣ አቆጣጠርና ጥገና ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር ውስጥ ሻሽ፣ ክር፣ መርፌና ሙስበሃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሙስበሃ ማለት ሙስሊሞች አላህን ሲያወድሱ የሚቆጥሩበት፣ በክር የተሰካ ፍሬ ነው። ሙስበሃ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ከፍሎም ቶሎ አይወጣም። በእጁ ያገላብጠውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለመሆኑ እንዴት ነው የሚቆጠረው?" ይለኛል። 33 ፍሬ ያለው ይሻላል ወይስ 99? በግራ እጅ መያዝ ይቻላል? ቁጥሩ ሲጠፋብኝ ከመጀመሪያው ልጀምር? ሌላው ደግሞ ወር ሳይሞላው ፍሬዎቹን በፌስታል ቋጥሮ ይመለሳል፤ ተበጥሶበት። ለእያንዳንዱ ሰው በቃል የምመልሰውን አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

አንዳንዱ ተስቢህ ይለዋል፣ አንዳንዱ መቁጠሪያ። እኔ ሙስበሃ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ሙስበሃ የመቁጠሪያ ዕቃ ነው እንጂ ራሱ ዒባዳ (አምልኮ) አይደለም። ዒባዳው በምላስና በልብ የሚደረገው ዚክር፣ አላህን ማውሳት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት በእሳቸው ላይ ይሁን) ዚክራቸውን በቀኝ እጃቸው ይቆጥሩ እንደነበር ተዘግቧል። ሴቶችንም በጣታቸው እንዲቆጥሩ መክረዋል፤ ጣቶች በቂያማ (በትንሣኤ) ቀን ተጠይቀው ይናገራሉና። ስለዚህ ሙስበሃ የሌለው ሰው የቀረበት ነገር የለም። በጣት እንዴት እንደሚቆጠርም ከታች አለ። የሙስበሃ ጥቅሙ ቁጥሩን ከራሳችሁ ላይ አውርዶ ለእጃችሁ መስጠቱ ነው። እጅ ሲቆጥር ልብ የሚባለውን ቃል ለማሰብ ፋታ ያገኛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 33 ወይም 99 ፍሬ ያለው ሙስበሃ። ፕላስቲክ ሆነ እንጨት፣ መስታወት ሆነ የቴምር ፍሬ፣ ለአጅሩ (ለምንዳው) ለውጥ የለውም። የፍሬው መጠን ግን ለጣታችሁ ይሁን። ከአተር ያነሰ ፍሬ ሁለት ሁለት እያለ ያመልጣል። ጣታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አንድ አባባ ትልልቅ የእንጨት ፍሬ ካገኙ ወዲህ ሳይቸገሩ ይቆጥራሉ።
- ትንሽ የጨርቅ ከረጢት። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚውል ሙስበሃ ክሩ ቶሎ ይበላል።
- ለጥገና፦ ናይለን ክር ወይም ጠንካራ የጥጥ ክር፣ ቀጭን መርፌ፣ ትንሽ ሰም፣ መቀስ፣ ላይተር፣ ፎጣ የተነጠፈበት ትሪ።

ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጠሩት። ሻጩ ቅር ቢለውም ቁጠሩት። ከፋብሪካ 34 ፍሬ ይዞ የወጣ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለው ሙስበሃ በየቀኑ አምስት ጊዜ ያሳስታችኋል።

ከሶላት በኋላ ያለው አቆጣጠር

1. መጀመሪያ ሙስበሃችሁን በእጃችሁ እወቁት። 99 ፍሬ ያለው ላይ ከ33ኛውና ከ66ኛው ፍሬ በኋላ መለያ አለ። ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፣ ወይም ቀለሙ የተለየ ነው። 33 ፍሬ ያለው ላይ መለያው ከ11ኛውና ከ22ኛው በኋላ ይመጣል። የክሩ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ረዘም ያለው ፍሬ አናቱ ነው፤ ዘርፉ ከሱ ላይ ይንጠለጠላል። በአብዛኛው መለያውም አናቱም አይቆጠሩም። የእናንተን ለማረጋገጥ ከአናቱ እስከ መጀመሪያው መለያ ድረስ አንድ ጊዜ ቁጠሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መለያውን በጣት እስክታገኙት ተለማመዱ። ለሱብሂ (ለንጋት ሶላት) ተነስታችሁ መብራት ሲጠፋ ይህ ልምምድ ይጠቅማችኋል።

2. ፈርዱ (ግዴታው) ሶላት አልቆ ካሰላመታችሁ (የመዝጊያውን ሰላምታ ከሰጣችሁ) በኋላ ሳትነሱ ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ "አስተግፊሩላህ" በሉ። ቀጥሎ "አላሁመ አንተ ሰላም ወሚንከ ሰላም፣ ተባረክተ ያ ዘል ጀላሊ ወል ኢክራም" በሉ። ለዚህ ሙስበሃ አያስፈልግም፤ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ይህን ዘለው በቀጥታ ወደ ፍሬው የሚሮጡ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላታቸውን ሲጨርሱ በዚህ ይጀምሩ እንደነበር በሐዲስ (ከነቢዩ በተላለፈ ዘገባ) ተነግሯል።

3. ሙስበሃውን በቀኝ እጅ ያዙ። ክሩን በጠቋሚና በመሃል ጣታችሁ ላይ አሳርፉት። አናቱ ከጠቋሚ ጣታችሁ ወዲያ ማዶ ይሁን፤ የመጀመሪያው ፍሬ ደግሞ አውራ ጣታችሁ ሥር። የተቀረውን መዳፋችሁ ውስጥ ሰብስቡት። 99ኙ ረዥም ስለሆነ ትርፉ ጭናችሁ ላይ ይረፍ። ተንጠልጥሎ ከተተወ ክብደቱ ፍሬዎቹን እየጎተተ ሳትቆጥሯቸው ያሳልፋቸዋል። ቀኝ እጃችሁ ከታመመ ወይም ሕፃን ከታቀፈ በግራ ቁጠሩ፤ ዚክሩ አይበላሽም።

4. ቃሉን ጨርሱት፣ ከዚያ ፍሬውን በአውራ ጣት ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ቃል ይቀድማል፣ ፍሬ ይከተላል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ፍሬው ከቀደመ ምላስ እሱን ለመድረስ ትሮጣለች። ስትሮጥ ደግሞ ቃሉን ትበላዋለች። "ሱብሓነላህ" ቀስ በቀስ "ሱብላ" ይሆናል። እኔም ስጀምር እንዲህ ነበርኩ። አንድ ቀን አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታዳምጠኝ ቆየችና "ልጄ፣ ማንን እያሳደድሽ ነው?" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጨረሻዋን "ህ" ሳልሰማ ፍሬ አልስብም።

5. "ሱብሓነላህ" 33 ጊዜ። ትርጉሙ አላህ ከጉድለት ሁሉ የጠራ ነው ማለት ነው። ድምፃችሁ ለራሳችሁ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ይሁን። መለያው ጋ ስትደርሱ አንድ ትንፋሽ ዕረፉ። ካላረፋችሁ ምላስ ልማዷ ይዟት 34ኛውንም ሱብሓነላህ ትላለች።

6. "አልሐምዱሊላህ" 33 ጊዜ። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። እዚህ ላይ ሐሳብ መሸሽ ይጀምራል፤ ገበያው፣ ልጁ፣ የቤት ኪራዩ ይመጣል። ሐሳባችሁ ሲሄድ የያዛችሁትን ፍሬ ጠበቅ አድርጉና አንድ የተደረገላችሁን ነገር አስታውሱ። ዛሬ የበላችሁት እንጀራም ይበቃል። ከዚያ ቀጥሉ።

7. "አላሁ አክበር" 33 ጊዜ። አላህ ከሁሉ በላይ ትልቅ ነው። መጨረሻው ስለቀረበ ሰው እዚህ ላይ ይፈጥናል። ፍጥነታችሁ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሁን።

8. አናቱ ላይ ስትደርሱ መቶኛውን በሉ፦ "ላ ኢላሃ ኢለላህ ወሕደሁ ላ ሸሪከ ለህ፣ ለሁል ሙልኩ ወለሁል ሐምዱ ወሁወ ዐላ ኩሊ ሸይኢን ቀዲር"። ከአላህ በቀር በእውነት የሚመለክ የለም፤ ብቻውን ነው፣ ተጋሪ የለውም፤ ንግሥናውም ምስጋናውም የሱ ነው፤ እርሱም በነገሩ ሁሉ ላይ ቻይ ነው ማለት ነው። የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ከሶላት በኋላ ይህን መቶ የሞላ ሰው ወንጀሉ (ኃጢአቱ) እንደ ባሕር አረፋ ቢሆን እንኳ ይማርለታል። ነፋስ በበረታበት ቀን ጣና ዳር የቆመ ሰው አረፋ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

9. ሙስበሃውን ወደ ከረጢቱ መልሱ። እጃችሁ ላይ ከቆየ ወሬ ስታወሩም መዞሩን ይቀጥላል።

33 ፍሬ ያለው ከሆነ አንዱን ቃል አንድ ሙሉ ዙር ትሉታላችሁ፤ በጠቅላላው ሦስት ዙር ነው። ስንተኛው ዙር ላይ እንዳላችሁ የምትሉት ቃል ራሱ ስለሚነግራችሁ አትጨነቁ። አናቱን ተሻግሮ ቀጣዩን ዙር መጀመር ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ አዎ ይቻላል፤ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ደንብ የለም። 99ኙ ቤት ለሚቀመጥ ጥሩ ነው። መንገድ ለሚያበዛ ሰው ግን 33ቱን እመክራለሁ፤ ኪስ አይሞላም፣ አይወሳሰብም።

"አላሁ አክበር" 34 ጊዜ ተብሎ መቶ የሚሞላበት ሌላም ሐዲስ አለ። ኡስታዛችሁ (የሃይማኖት አስተማሪያችሁ) እንደዚያ ካስተማሯችሁ አናቱ ላይ 34ኛውን "አላሁ አክበር" በሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በዚህ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ቀስ ብላችሁ ብትሉት ሁሉም ነገር 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ቁጥሩ ሲጠፋባችሁ

ሰው ሲመጣባችሁ ሙስበሃውን መሬት አትጣሉት። አያቴ ዳንግላ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ስትቆጥር የሚያልፍ የሚያገድመው ሰላም ይላታል። የአውራ ጣቷን ጥፍር በሁለት ፍሬዎች መሃል ክሩ ላይ ትተክልና "ወዐለይኩም ሰላም" ብላ፣ ጤና ጠይቃ፣ ጥፍሯን አንስታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፤ ዚክሩ ደግሞ ይጠብቃችኋል።

ፍሬው ራሱ ካመለጣችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁበት፣ ከትንሹ ቁጥር ቀጥሉ። 20 ነው 25 ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ 20 ብላችሁ ያዙ። ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። አንዳንዶች ደጋግመው እንደ አዲስ ሲጀምሩ ይደክማቸውና ጭራሽ ይተዉታል። እንዲህ ያለውን ውስዋስ (የጥርጣሬ ጉትጎታ) አታስገቡት።

ሙስበሃ በሌለበት በጣት

በቀኝ እጃችሁ ከትንሿ ጣት ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ጣት ሦስት ቁጠሩ፦ ሥሩ፣ መሃሉ፣ ጫፉ። አውራ ጣትም ሦስት ይቆጠርለታል። አምስቱ ጣቶች 15 ይሆናሉ። ሁለት ዙር 30 ነው። አንድ ጣት ስትጨምሩ 33 ይሞላል። በቃ፣ ሁለት ዙርና አንዲት ጣት። ሕፃናትን በዚህ አስጀምሯቸው። ሙስበሃ ሲሰጣቸው መጫወቻ ያደርጉታል፤ ጣታቸው ግን መቼም ከነሱ ጋር ነው።

ሌሎች የቁጥር ዚክሮች

ማታ ስትተኙ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ ወፍጮ እጇን ጎድቷት አገልጋይ ለመጠየቅ በመጣች ጊዜ፣ ለሷና ለባለቤቷ ለዐሊ ከአገልጋይ የሚሻል ነገር ብለው ያስተማሯቸው ይህን ነው፦ ስትተኙ ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34። እጁ በድንጋይ ወፍጮ የሻከረ ሰው የሚያውቅ ሁሉ የልመናዋን ክብደት ይረዳዋል። ይህ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የሚባል ስለሆነ በጣት ቢሆን ይመረጣል። ሙስበሃ ይዞ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጠዋት ፍሬውን ከፍራሽ ሥር ሲለቅም ያረፍዳል።

በቀን መቶ ጊዜ "ሱብሓነላሂ ወቢሐምዲህ"። 99ኙ ላይ አንድ ሙሉ ዙርና አናቱ መቶ ይሆናል። 33ቱ ላይ ሦስት ዙርና አንድ ፍሬ ነው። እዚህ ግን ቃሉ ስለማይለዋወጥ ዙሩ ይጠፋል። ዙር በጨረሳችሁ ቁጥር የግራ እጃችሁን አንድ ጣት እጠፉ።

መንገድ ላይ። ይህ ቁጥር የለውም፤ ሙስበሃውን ኪስ ውስጥ ተዉት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ሽቅብ ሲወጡ "አላሁ አክበር"፣ ቁልቁል ሲወርዱ "ሱብሓነላህ" ይሉ ነበር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ አውቶቡሱ ሲቆለቁል ሱብሓነላህ በሉ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ አላሁ አክበር። ጠመዝማዛው ረዥም ነው፤ ስንት እንዳላችሁ ሳታውቁት ያልቃል።

ጥንቃቄ

የጁምዓ (የዓርብ) ኹጥባ፣ ማለትም ስብከት፣ እየተሰጠ ሙስበሃ አትንኩ። በኹጥባ ሰዓት ጠጠር የነካካ ሰው ከንቱ ሥራ እንደሠራ በሐዲስ ተነግሯል፤ ፍሬ መቁጠርም ከማዳመጥ ያዘናጋል።

ከጀመዓው (ከኅብረት ሶላቱ) ዘግይተው የደረሱ ሰዎች እናንተ ካሰላመታችሁ በኋላም የቀራቸውን ረከዓ (የሶላት ክፍል) እየሞሉ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ፍሬ አጠገባቸው መሆኑ ይረብሻቸዋል። የመስታወት ፍሬ ካላችሁ መዳፋችሁ ውስጥ አፍናችሁ ሳቡት።

ባጃጅ ወይም መኪና እየነዳችሁ አትቁጠሩ። ምላሳችሁ ዚክር ይበል፣ ሁለቱ እጆቻችሁ መሪው ላይ ይሁኑ።

አናቱ ላይ የአላህ ስም የተጻፈበት ከሆነ መጸዳጃ ቤት ይዛችሁት አትግቡ።

ሕፃን ባለበት ቤት የተበተነ ፍሬ መሬት ላይ አይደር። አፋቸው ውስጥ ገብቶ ያንቃቸዋል።

ሙስበሃ ሒርዝ (ክታብ) አይደለም። መስታወት ላይ ስለተሰቀለ ወይም አንገት ላይ ስለዋለ ማንንም አይጠብቅም፤ ጠባቂው አላህ ነው።

ሴቶች ደንበኞቼ በጆሮዬ የሚጠይቁኝን ደግሞ በግልጽ ልመልስ። በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ሶላት ባይኖርም ዚክር አይከለከልም፤ ሙስበሃም ይያዛል። ለዚክር ውዱእ (የሶላት ትጥበት) መኖሩ መልካም ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። ቡና እየቆላችሁም ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ሁለት ፍሬ አብሮ መሳብ። ብዙውን ጊዜ ክሩ ላይ በቂ ክፍተት ስለሌለ ነው። መፍትሔው ከታች ጥገናው ላይ አለ።
- መለያውን መቁጠር። በየዙሩ ቁጥሩ ይዛነፋል።
- ስልክ እያዩ መቁጠር። እጅ ይዞራል፣ ምላስ ቆማለች።
- የጎደለ ፍሬ እያለ "ግድ የለም" ማለት። አያቴ አንድ ፍሬ ሲጠፋባት የሸሚዝ ቁልፍ ሰክታበት ነበር። ነጭ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ፣ በጥቁር ፍሬዎች መሃል። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ልክ ነበር።
- በየጊዜው ውድ ሙስበሃ መቀየር። ሻጭ ሆኜም እላችኋለሁ፣ ያላችሁ ይበቃል።

ሲበጠስ እንዴት ይሰካል

በክረምት ሥራዬ ይሄ ነው። እርጥበቱ የጥጥ ክርን ያበሰብሰዋል፤ የእንጨት ፍሬም ሻጋታ ይይዛል። በክረምት ከረጢቱን አየር በሚያገኝ ቦታ ስቀሉት። ክሩ መሳሳት ሲጀምር ሳይበጠስ ለውጡት።

1. ፍሬዎቹን ሁሉ ፎጣ የተነጠፈበት ትሪ ላይ አፍስሱ። ፎጣ ከሌለ እየተንከባለሉ ያመልጧችኋል።

2. 11 ፍሬ በ11 ፍሬ እየከመራችሁ ደርድሩ። ሦስት ክምር 33 ነው፣ ዘጠኝ ክምር 99። በጅምላ ቆጥሮ ከመሳሳት ይህ ይሻላል። ልጆች ቢያግዟችሁም ደስ ይላቸዋል። ከ99ኙ ብዙ ፍሬ ከጠፋ አታፈላልጉ፤ የቀረውን ባለ 33 አድርጉት።

3. ክር ቁረጡ። ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ላላቸው 99 ፍሬዎች 120 ሴንቲ ሜትር፣ ለ33 ፍሬ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ትርፉ ለቋጠሮና ለዘርፍ ነው። ከሁሉ የሚበረታው የዓሣ መረብ የሚሠራበት ናይለን ነው፤ እዚህ ጣና ዳር አይጠፋም። የጥጥ ክር ከሆነ እጥፍ ርዝመት ቁረጡ፣ ድርብ አድርጉትና በሰም እሹት። ሰሙ እርጥበት አያስገባም፣ ክሩም ሳይላላ በቀዳዳው ያልፋል።

4. አንዱን ጫፍ በጊዜያዊ ቋጠሮ እሰሩ። 33 ፍሬ ስኩ፣ መለያ፣ 33፣ መለያ፣ 33። ለትንሹ 11፣ መለያ፣ 11፣ መለያ፣ 11። በየመለያው ቆማችሁ እንደገና ቁጠሩ። ከተቋጠረ በኋላ የተገኘ ስህተት ሁሉንም ያስፈታል።

5. ጊዜያዊውን ቋጠሮ ፈቱና ሁለቱን ጫፎች በአናቱ ቀዳዳ አሳልፉ።

6. ከማጥበቃችሁ በፊት ክፍተት ተዉ። ፍሬዎቹን ወደ አንድ ወገን ስትሰበስቧቸው ሦስት ፍሬ የሚያህል ባዶ ክር መታየት አለበት። ክፍተት ከሌለ ፍሬው አይንሸራተትም። ከበዛ ደግሞ ክሩ ይወሳሰባል።

7. ከአናቱ ሥር ሁለት ጊዜ ቋጥሩ፣ ከዚያ ዘርፉን እሰሩበት። ናይለን ከሆነ ትርፉን ቆርጣችሁ ጫፉን በላይተር ነካ አድርጉት፤ ይቀልጥና ቋጠሮው አይፈታም። የቀለጠውን በጣት አትንኩ፣ ያቃጥላል። የፕላስቲክ ፍሬም ከእሳቱ ይራቅ። የጥጥ ክር አይቃጠል፤ ጫፉን በሰም ጠቅልሉት።

8. አናቱን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። የሚፈታ ቋጠሮ አሁን እጃችሁ ላይ ይፈታ። ከያዘ አንድ ሙሉ ዙር ዚክር በሉበት። "ሱብሓነላህ" 33 ሲሞላ ጣታችሁ መለያው ላይ ካረፈ ልክ ተሰክቷል።